አንድ ፋይል፣ ሦስት ስልክ፦ ስለ ኢፐብ መስፈርትና አተገባበሩ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ የሚሠሩ አንድ ወንድም የደንበኛቸውን የመንዙማና የግጥም ስብስብ ኢፐብ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጸት አዘጋጅተው ለሦስት ሰዎች ልከዋል። በመጀመሪያው ስልክ መጽሐፉ አምሮ ቢከፈትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው ክፍል ገጹ በተቃራኒ ይገለበጣል፤ በሁለተኛው ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኗል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ 3 ላይ ሲደርስ አልከፍትም ብሏል። «ኢፐብ ክፍት የሆነ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው ከተባለ ስለምን በየመሣሪያው ይለያያል? ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመስፈርቱ ነው ወይስ የስልኮቹ? ወደ ፒዲኤፍ ልመለስ?» ሲሉ ጠይቀው ፋይሉንም አያይዘው ልከውልኛል።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የላኩልኝን ፋይል እዚህ ኮምቦልቻ ከፍቼ ሁለት ምሽት መርምሬዋለሁ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከሦስቱ ችግሮች አንዱ የእርስዎ ነው፣ አንዱ የማንበቢያው መተግበሪያ ነው፣ አንዱ ደግሞ የራሱ የመስፈርቱ ነው። ወደ ፒዲኤፍ እንዲመለሱ አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእርስዎ ልጀምር። በሦስተኛው ስልክ መጽሐፉን ያስቆመው አንድ ምልክት ብቻ ነው። የኢፐብ ፋይል ከውጭ አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ የታሸገ ጥቅል ነው፤ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይረው ቢከፍቱት ምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው እንደ ድረ ገጽ ተጽፈው፣ ፎንቱና ሥዕሉ ለብቻቸው ተቀምጠው፣ የምዕራፎቹን ተራ የሚናገር ፋይል ተጨምሮበት ያገኙታል። ምዕራፎቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ኤክስኤችቲኤምኤል ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት የኤችቲኤምኤል የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ በተራ ድረ ገጽ ላይ አንድ ምልክት ቢጎድል ብራውዘሩ ገምቶ ያልፈዋል፣ ኤክስኤችቲኤምኤል በሚገዛበት በጥብቁ የኤክስኤምኤል ሥርዓት ግን ስሕተት ያገኘ ፕሮግራም እዚያው እንዲቆም ነው የታዘዘው። እርስዎ በምዕራፍ 3 መግቢያ ላይ ግጥሞቹን የሰበሰቡትን የሁለቱን ሰዎች ስም ሲያያይዙ ፈረንጆች «እና» ለማለት የሚጠቀሙበትን ያንን ጥምዝ ምልክት (&) እንዳለ አስገብተውታል። ምልክቱ በኤክስኤምኤል ውስጥ ልዩ ሥራ ስላለው ራቁቱን ሊጻፍ አይችልም። «እና» ብለው በአማርኛ ቢጽፉት ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር።

የሚያስገርመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሕጉን የጣሰው ምዕራፍ 3ን ያለ ችግር የከፈተልዎት የመጀመሪያው ስልክ ነው፤ አልከፍትም ያለው ሦስተኛው መስፈርቱ ባዘዘው መሠረት ነው የሠራው። ለአንባቢው ግን የጣሰው ጎበዝ፣ ያከበረው የማይረባ መስሎ ይታየዋል። መተግበሪያ የሚሠሩ ድርጅቶችም ይህን ያውቃሉ፤ ደንበኛ ማጣት ስለማይፈልጉ ስሕተትን እየገመቱ ማለፍን መረጡ፤ አዘጋጆችም ፋይላቸው በአንድ ስልክ ከተከፈተ ትክክል ነው ብለው ለቀቁት፤ በዚህ ዓይነት በየገበያው የተሠራጨው የተበላሸ ፋይል እየበዛ ሄዶ አሁን ሕጉን በጥብቅ ልተግብር የሚል አዲስ ማንበቢያ ቢመጣ ግማሹን መጻሕፍት መክፈት የማይችል ሆኖ ይወቀሳል።

ኢፐብ-ቼክ የሚባል ነጻ መመርመሪያ ፕሮግራም አለ። የእርስዎን ፋይል ሳስገባበት ምልክቱን ከነመስመር ቁጥሩ ነገረኝ። ከእንግዲህ ፋይል ከመላክዎ በፊት በእርሱ ያሳልፉት፤ በኮምፒውተርዎ ላይ ከጫኑት በኋላ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ሆኖም አንድ ነገር ይወቁ፤ ኢፐብ-ቼክ የሚመረምረው የተጻፈውን እንጂ በስክሪን ላይ የሚታየውን አይደለም። አንድም ስሕተት የለበትም ያለው ፋይል በሁለተኛው ስልክዎ ላይ ያው ሳጥን ሆኖ ይታያል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮችንም አይቻለሁ። የመንዙማውን ስንኞች ሁለት ሁለት እኩሌታ ለማድረግ ስፔስ ባሩን ደጋግመው ተጭነዋል። በታይፕ የሠራ ሰው እጁ ይህን ስለለመደ አልፈርድብዎትም፤ ነገር ግን ኤክስኤችቲኤምኤል አሥር ባዶ ቦታ ቢያገኝ እንደ አንድ ስለሚቆጥረው ስንኙ ሁሉ ወደ ግራ ተለጥፏል። ክፍተቱን በሲኤስኤስ፣ ማለትም በማሳመሪያው ፋይል ውስጥ ይስጡት። ሁለተኛው፣ የምዕራፎቹን ፋይሎች «ምዕራፍ አንድ»፣ «ምዕራፍ ሁለት» እያሉ በአማርኛ ሰይመዋቸዋል። መስፈርቱ ይህን ይፈቅዳል፤ የፋይል ስም በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በሚያቅፈው የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት፣ ሊጻፍ እንደሚችል በግልጽ ተቀምጧል። ያም ሆኖ ራሱ መመርመሪያው ከላቲን ፊደል የወጣ ስም ሲያገኝ ማስታወሻ ያወጣል፣ አንዳንድ አሮጌ የዚፕ ፕሮግራሞችም ስሙን አበላሽተው ይፈቱታል። የተፈቀደልንን እንዳንጠቀም የምንመከርበት ቦታ ይህ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ወደ ሳጥኖቹ ልለፍ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3ኛ ስሪት ነው። «ኦፕን ኢቡክ» የተባለው፣ የኢፐብ አያት የሆነው መስፈርት የመጀመሪያ ስሪትም የወጣው በዚያው በ1999 ነው። በአንድ ዓመት ተወልደው ሩብ ምዕተ ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ በቅጡ ሳይተዋወቁ ቆዩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጽሑፍዎ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ፎንቱንም በጥቅሉ ውስጥ አስገብተዋል፤ በማሳመሪያው ፋይልም በትክክል ጠርተውታል። እንግዲህ በእርስዎ በኩል የቀረ ነገር የለም።

እኔ ለሙከራ ብቻ የማስቀምጠው ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለኝ። ፋይልዎን በእርሱ ላይ ስከፍተው እንደ ደንበኛዎ ስልክ ከዳር እስከ ዳር ሳጥን ሆነ። ወደ መተግበሪያው ማስተካከያ ገብቼ ስፈልግ ከብርሃንና ከፊደል መጠን በታች፣ በሦስተኛው ምናሌ ውስጥ፣ «የአሳታሚውን ፎንት ተጠቀም» የሚል ትርጉም ያለው መቀያየሪያ ተዘግቶ አገኘሁት። ስከፍተው ሳጥኖቹ በአንድ ጊዜ ወደ ፊደል ተለወጡ። መተግበሪያው በነባሪ የሚጠቀመው የራሱን ፎንት ነው፤ ያ ፎንት ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ስልኩም አሮጌ በመሆኑ የሚተካው ነገር አላገኘም። በላቲን ፊደል ለሚያነብ ሰው የመተግበሪያው ፎንት ከአሳታሚው ቢለይ የውበት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለእኛ ግን መነበብና አለመነበብ ነው። ማንበቢያዎች የታሸገ ፎንትን መቀበል እንዳለባቸው ኢፐብ 3 ይናገራል፤ የተጠቃሚው ምርጫ ቅድሚያ እንዲሰጠውም ያበረታታል፤ ተጠቃሚው ሳይመርጥ መተግበሪያው በነባሪ ስለሚዘጋው መቀያየሪያ ግን በግልጽ ሲናገር አላየሁም። የአፕል ማንበቢያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታሸገውን ፎንት እንዲቀበል በጥቅሉ ውስጥ መስፈርቱ የማያውቃት አንዲት የግል ፋይል እንድትገባለት ይፈልግ ነበር፤ ያላወቀ አዘጋጅ ፎንቱን አስገብቶ ፎንቱ ሳይታይለት ይቀር ነበር።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁ የመስፈርቱን ታሪክ ጥቂት መመልከት ግድ ይላል። የ1999ኙን ሥራ የጀመረው ማኅበር ከጊዜ በኋላ ዓለም አቀፍ የዲጂታል ኅትመት መድረክ፣ በምህጻሩ አይዲፒኤፍ፣ ተብሎ በ2007 ኢፐብ 2ን አጸደቀ። ኢፐብ 2 ድሀ ነበር፤ ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ማውጫና ጥቂት ማሳመሪያ ብቻ ነበረው፤ ነገር ግን ያዘዘውን አብዛኞቹ መሣሪያዎች ይፈጽሙት ነበር። በ2011 የወጣው ኢፐብ 3 ድምፅና ቪዲዮን፣ የሒሳብ ቀመርን፣ ከላይ ወደ ታች የሚጻፍ ጽሑፍን፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚገለበጥ ገጽን፣ ድምፅን ከጽሑፉ ጋር አናብቦ የሚያስኬድ ሥርዓትን፣ ይባስ ብሎም ፕሮግራምን በአንድ ጊዜ አግበሰበሰ። የተሠራውም ባልደረቀ ጡብ ላይ ነበር። የተመሠረተበት ኤችቲኤምኤል 5 ራሱ የጸደቀው በ2014፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በርካታ የሲኤስኤስ ክፍሎችም ገና ረቂቅ ስለነበሩ አይዲፒኤፍ በስማቸው ፊት የራሱን መለያ እየለጠፈ አስገባቸው፤ ረቂቆቹ ያለ መለያው ሲጸድቁ አሮጌው ስምና አዲሱ ስም ጎን ለጎን ቀሩ፤ አዘጋጅ የሆነ ሰው ዛሬም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጽፋል።

በእኔ አስተያየት ዋናው ጉድለት ግን ይህ አይደለም። በአይዲፒኤፍ ዘመን አንድ ሐሳብ መስፈርት ከመሆኑ በፊት በተግባር መሠራቱን የማሳየት ግዴታው የላላ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ያማረ፣ በመሣሪያ ላይ ያልታየ ብዙ ነገር ጸደቀ። ለማንበቢያው እንደ አቅሙ የተለያየ ይዘት የሚያቀርብ መቀያየሪያ፣ እንግዳ የሆነ ፋይልን ከሚከፍተው ፕሮግራም ጋር የሚያስር ሥርዓት፣ ለመዝገበ ቃላትና ለቃላት ማውጫ ለብቻ የተጻፉ ተጨማሪ መስፈርቶች፣ አንዱን መጽሐፍ በበርካታ ገጽታ አሽጎ የመላክ ሐሳብ ነበሩ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነው ቀሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኋላ ላይ «የማይመከር» የሚል ማኅተም ተመቶባቸዋል። ደንበኞችዎ የቃላት ማውጫ ይሠራልን ብለው ሲጠይቁዎት በተለየው መስፈርት አይድከሙ፣ በተራ ማያያዣ ይሥሩት።

በጥር 2017 ሁለት ነገር ሆነ። አይዲፒኤፍ ደብሊው ስሪ ሲ ከተባለው የድር መስፈርት አውጪ ድርጅት ጋር ተዋሐደ፤ በዚያው ወር ኢፐብ 3.1 ወጣ። 3.1 ያረጀውን ቆርጦ መስፈርቱን ሊያቀል አስቦ ነበር፤ የስሪት ቁጥሩን ስለለወጠና አሮጌ ነገሮችን ስላስወጣ ግን ማንበቢያዎቹና አሳታሚዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በ2019 የወጣው 3.2 ወደ ኋላ ተመልሶ ከ2014ቱ 3.0.1 ጋር እንዲስማማ ተደረገ። ለዚህ ነው በዛሬው የኢፐብ 3.3 ፋይል ውስጥ እንኳ የስሪቱ ቁጥር «3.0» ተብሎ የሚጻፈው፤ እርስዎም «3.3» ብለው እንዳያርሙት። በግንቦት 2023 የጸደቀው 3.3 ከሁሉም የሚሻለው ነው፤ በደብሊው ስሪ ሲ ሥርዓት እያንዳንዱ ክፍል በመሞከሪያ ፋይሎች እየተፈተነ ቢያንስ በሁለት ራሳቸውን በቻሉ ማንበቢያዎች መሠራቱን ማሳየት ነበረበት። ይህ ከ1999 ጀምሮ ሊሆን የሚገባው ነበር። አሁን ሲሆን ግን በየሰው ኪስ ያሉት አሮጌ መተግበሪያዎች አብረው አልታደሱም።

ድርጅቶቹን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የሚታወቅ ነው። በብዙ የማንበቢያ መሣሪያዎች ውስጥ ለዓመታት የኖረው የአዶቢ ሞተር፣ ማለትም መጽሐፉን በስክሪን ላይ የሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ በማሳመሪያው ፋይል ውስጥ የማያውቀውን አንድ ትእዛዝ ሲያገኝ ያንን ብቻ መዝለል ሲገባው ፋይሉን በሙሉ የመጣል ጠባይ ነበረው። አፕል በ2012 ከራሱ የመጽሐፍ መሥሪያ ጋር ኢፐብን የሚመስል፣ ኢፐብ ግን ያልሆነ ቅርጸት አወጣ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። አማዞን ኪንድል የተባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ በ2007 ሲያወጣ ሞቢፖኬት ከተባለው ኩባንያ የመጣውን የራሱን መንገድ ይዞ ነበር፤ በ2022 አንባቢዎች የኢፐብ ፋይል ወደ ኪንድል እንዲልኩ ቢፈቅድም የሚያደርገው ወደ ራሱ ቅርጸት መለወጥ ነው። የማይክሮሶፍት ብራውዘር ኤጅ በ2017 ኢፐብን መክፈት ጀምሮ በ2019 ተወው። መስፈርቱ የመጽሐፍ መቆለፊያን ጉዳይ ሆን ብሎ ለየነጋዴው ስለተወው ደግሞ ከአንዱ የተገዛ መጽሐፍ በሌላው አይከፈትም፤ ክፍት የተባለው ሣጥኑ እንጂ ቁልፉ አይደለም። የእርስዎ መጽሐፍ በነጻ የሚሠራጭ ስለሆነ ይህ አያሳስብዎትም።

አሁን ወደ ዐረብኛ ፊደሉ ክፍል እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ የከነከነኝ እርሱ ነው። የደንበኛዎ ስብስብ እንደ ብዙው የወሎ መንዙማ አንዱ ክፍል በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በዐጀሚ፣ ማለትም አማርኛው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈበት ነው። በኢፐብ 2 ዘመን ገጹ ከየት ወዴት እንደሚገለበጥ መናገሪያ መንገድ ስላልነበረ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። ኢፐብ 3 ይህን ጨመረ፤ ለዚህም ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው ጽሑፋቸው እንዲገባ የፈለጉት የጃፓን ባለሙያዎች በጠረጴዛው ዙሪያ መኖራቸው ረድቷል፤ የዐረብኛና የዕብራይስጥ ጉዳይም አብሮ ታይቷል። መልካም አደረጉ። ነገር ግን የገጽ አገላበጥ አቅጣጫ የሚሰጠው ለመጽሐፉ በሙሉ አንድ ጊዜ ነው፤ የምዕራፎቹን ተራ በሚናገረው ዝርዝር ራስ ላይ «ከግራ ወደ ቀኝ» ወይም «ከቀኝ ወደ ግራ» ብለው አንዱን ይመርጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ በዝርዝሩ ውስጥ ለየምዕራፉ ለብቻ መስጫ ቦታ የለም። 

በውስጡ ያለው ጽሑፍ አቅጣጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ለየአንቀጹ መስጠት ይቻላል፣ እርስዎም ሰጥተዋል፤ ስለዚህ ዐጀሚው በመስመሩ ውስጥ ከቀኝ ጀምሮ በትክክል ይነበባል። የሚገለበጠው ገጽ ብቻ ነው የሚቃወመው፤ ጣትዎ ወደ ቀኝ ሲስብ ያለፈው እንጂ የሚቀጥለው ገጽ አይመጣም። ያለው መፍትሔ ሁለት ነው፤ አንዱ መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን በየአቅጣጫው ማዘጋጀት፣ ሌላው የዐጀሚውን ስንኝ ከግዕዝ ፊደሉ ጋር ስንኝ በስንኝ እያፈራረቁ ማስቀመጥና አገላበጡን ለአማርኛው መተው ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የዐረብኛውን ፊደል ያልተማሩ ወጣቶችም ስንኙን ከሥሩ ያገኙታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መጽሐፉን ከኋላ ሳይሆን ከፊት መክፈት ግድ ስለሚሆንባቸው መጀመሪያ ያጉረመርሙ ይሆናል።

የእኛ ፊደል በስክሪን ላይ የሚገጥመው ሌላም አለ። ማንበቢያዎች በአብዛኛው መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል አድርገው ይዘረጋሉ። አማርኛ ቃሉ ይረዝማል፤ «እንደማይጠቀሙባቸውም» የሚል አንድ ቃል በጠባብ ስልክ ላይ ግማሽ መስመር ይወስዳል፤ ሳይበቃው ቀርቶ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀሩት ሁለት ቃላት እንደ ተጣላ ጎረቤት ይራራቃሉ። ለላቲን ፊደል ቋንቋዎች ቃሉን በሰረዝ የሚሰነጥቅ መዝገብ በብዙ ማንበቢያ አለ፤ ለእኛ ግን በአብዛኛው የለም። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ግራ ብቻ አስተካክለው ይተዉት። በሁለት ነጥብ ቃላትን የሚለይ ጥንታዊ አጻጻፍ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ዩኒኮድ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መስበር እንደሚቻል ደንግጓል፤ ይህን የማያውቅ አሮጌ ማንበቢያ ግን አንቀጹን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ከስክሪኑ ውጭ ያስወጣዋል። ከነጥቦቹ በኋላ ባዶ ቦታ ቢጨምሩ መልኩ ጥቂት ይለወጣል፣ ይነበባል ግን።

ፍለጋንም መስፈርቱ ለማንበቢያዎቹ ትቶታል፤ ማንበቢያዎቹ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቁም። «ኃይል» ተብሎ በተጻፈበት መጽሐፍ «ሀይል» ብሎ የፈለገ ሰው የለም ይባላል። ከመላክዎ በፊት አጻጻፉን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ወጥ ማድረግ ከእርስዎ የሚጠበቅ ነው፤ አሁን «ጸሎት»ና «ፀሎት» በአንድ ገጽ ላይ አይቻለሁ።

የመጽሐፉ መረጃ የሚሞላበት ክፍል የራሱ ጣጣ አለው። የደራሲው ስም ለፊደል ተራ እንዲመች የሚደረደርበት ቦታ አለ፤ ብዙ የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ይህንን በፈረንጅ ልማድ ራሳቸው ይሞሉና አበበ ከበደን «ከበደ፣ አበበ» ያደርጉታል። አባቱ ደራሲ ሆኖ ልጁ ተከታይ ይሆናል። ይህ የመስፈርቱ ሳይሆን የመሣሪያዎቹ ስንፍና ነው፤ በእጅ ያርሙት። ቀኑም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲሞላ ይጠበቃል፤ እርስዎ 2016 ብለው የጻፉት የእኛ ዓመት ስለሆነ ማንበቢያው መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የእኛን ዓመት በርእስ ገጹ ላይ ይጻፉት፤ በመረጃው ክፍል ግን ለውጠው ያስገቡ። ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የሚናገረውንም ምልክት በምዕራፎቹ ሁሉ ራስ ላይ ማስገባት አይርሱ፤ በአሁኑ ፋይል የተቀመጠው እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ሊያነብ ይሞክራል።

ስለ ፒዲኤፍ ያነሡት አሳብ ይገባኛል፤ ፒዲኤፍ በየትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም። ነገር ግን ያለመለወጡ ነው ችግሩ። ለኤ 4 ወረቀት የተሰናዳ ገጽ በስልክ ላይ ሲከፈት አንባቢው በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ መስመሩን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየጎተተ ማንበብ አለበት፤ የዩኒቨርሲቲ ሞጁላቸውን ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለሱ በሚኒባስ ውስጥ በዚህ ዓይነት የሚያነቡ ተማሪዎችን ሐረጎን ስንወርድ ጎናቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ከጠመዝማዛው መንገድ ይልቅ የሚያዞራቸው ገጹ ነው። በስካነር ተነሥቶ የተለቀቀ ፒዲኤፍማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ አይፈለግበትም፣ ዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ ሊያዳምጠው አይችልም። ኢፐብ በዚህ በኩል ሩቅ ሄዷል፤ ለአካል ጉዳተኞች የተደራሽነት መስፈርቱ በ2021 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በአይኤስኦ ጸድቋል፣ ከሰኔ 2025 ጀምሮም በአውሮፓ ኅብረት ለሚሸጡ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ተደራሽነት ሕጋዊ ግዴታ ሆኗል። ለማተሚያ ቤት የሚሰጡትን ፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ለስልክ ኢፐብን ይስጡ።

ደንበኞችዎ አልፎ አልፎ በአሮጌ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ በሲዲ ያመጡልዎት ይሆናል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ማለቴ ነው። ፎንቱን በኢፐቡ ውስጥ አሽገው ቢልኩት አማርኛ ይመስላል፤ ከሥር ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ያ ሁለተኛው ዓይነት ስልክ ሲያገኘው ሳጥን እንኳ አያሳይም፣ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ያሳያል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት፣ ከዚያ ቃል በቃል ያንብቡት፤ በለውጡ ጊዜ ዲቃላ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥብ በብዛት ይሳሳታሉ።

ስለዚህ ለእርስዎ መጽሐፍ የምመክረው ይህ ነው። በኢፐብ 3 ደንብ ያሰናዱት፣ ነገር ግን ለአሮጌ ማንበቢያዎች የሚሆነውን የኢፐብ 2 ማውጫ አብረው ያስገቡ፤ መስፈርቱ ይፈቅዳል። ማሳመሪያውን በጣም ቀላል ያድርጉት፤ አንድ የማያውቀውን ትእዛዝ አይቶ ሁሉንም የሚጥል ሞተር እንዳለ ያስታውሱ። ፎንት ሲመርጡ እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፈቃዱ ነጻ የሆነ የግዕዝ ፎንት ይጠቀሙ። የምዕራፍ ቁጥሮቹን ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ በእጅ ይተይቡ፤ ሲኤስኤስ በግዕዝ ቁጥር የሚቆጥር ስልት ቢኖረውም አሮጌዎቹ አያውቁትም። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ከታየዎት…» ብሎ መጻፍ ከንቱ ነው፤ ማስታወሻው ራሱ ሳጥን ይሆናልና፤ ይህን መመሪያ በሥዕል አድርገው ያስገቡ። ፋይሉን ፈትተው አርመው መልሰው ሲያሽጉ ደግሞ በተራ የዚፕ ፕሮግራም አያሽጉት፤ በጥቅሉ ውስጥ 20 ሆሄያት ብቻ ያሉባት፣ የፋይሉን ዓይነት የምትናገር አንዲት ፋይል አለች፤ እርሷ ከሁሉ ቀድማ፣ ሳትጨመቅ መግባት አለባት። አብዛኞቹ ስልኮች ዝም ብለው ያልፋሉ፣ ጥብቆቹ ግን መጽሐፉን ጭራሽ አይቀበሉትም።

ምዕራፍ 3ን፣ የፋይሎቹን ስምና የቋንቋውን ምልክት አርሜ መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ስንኞቹንና የዐጀሚውን አቀማመጥ የእርስዎና የደንበኛዎ ምርጫ ስለሆነ አልነካሁትም። ቅዳሜ ለሌላ ጉዳይ ደሴ ስለምወጣ ከፈለጉ በሱቅዎ በኩል አልፋለሁ፤ ያንን ጥጉ የተሰነጠቀውን ስልክ ይዤው እመጣለሁ፣ ደንበኛዎም የእርሱን ይዞ ቢገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።